ምዕራፍ ሰባት፦ የዕቃ ዝምድና

ከገርጂ ወደ ጀሞ ቤት በቀየርኩ ማግስት በካርቶን ተከብቤ ራውተሬን ፈለግሁ። አገኘሁት። አንቴናዎቹ አልተሰበሩም፣ አንድም ጭረት የለበትም። የመብራት ገመዱን ከሌላ ካርቶን ውስጥ መዝዤ አወጣሁ። ጫፉ ከራውተሩ ቀዳዳ ጋር ልክክ አለ። ሶኬት ላይ ስሰካው መብራቶቹ አንድ ጊዜ ቦግ ብለው ጠፉ፤ ወዲያው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ራውተሩ የሚፈልገው 12 ቮልት ነው። እኔ የሰካሁበት የአሮጌ ላፕቶፕ አዳፕተር፣ 19 ቮልት ነበር።

በዚያ ጉዞ አንድም ዕቃ አልጠፋብኝም። ብርጭቆ እንኳ አልተሰነጠቀም፤ ጫኞቹ ያወረዱትን ሁሉ ቆጥሬ ተረክቤያለሁ። የጠፋብኝ የትኛው አዳፕተር የየትኛው ዕቃ እንደሆነ ነው። አሮጌው ቤት ሳለሁ ይህን ማወቅ አያስፈልገኝም ነበር፤ ራውተሩና አዳፕተሩ ለአራት ዓመት ከአንድ ሶኬት ሥር ተያይዘው ስለኖሩ ግድግዳው ያውቅልኝ ነበር። ስነቅላቸው ዝምድናቸውን በጣጠስኩት፣ የጻፍኩትም ነገር አልነበረም።

አልጋ አዲሱ ቤት ሲገባ ያው አልጋ ነው፤ ድስትም ያው ድስት ነው። የቤት ውስጥ ቢሮ ግን የሚሠራው በዝምድና ነው። ስክሪኑ ከገመዱ፣ ገመዱ ከዩፒኤሱ፣ ደረሰኙ ከወሩ ፋይል፣ ፋይሉ ከመደርደሪያው፣ መደርደሪያው ደግሞ “ከግራ ሦስተኛው” ብሎ ከሚዘረጋው እጅ ጋር የተዛመደ ነው። ቤት ስንቀይር ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ይፈታል። በሚቀጥሉት ገጾች የምናየው ዝምድናው ሳይጠፋ እንዴት እንደሚጓዝ ነው። ቢሮ በሦስት መንገድ ይሄዳል፦ በሽቦ፣ በጭንና በጭነት። ችግር የሚመጣው ሁሉንም በአንዱ መንገድ፣ በአይሱዙው፣ ስንልከው ነው።

ሶኬቱን ሳያዩ አይዋዋሉ

ቤት ለማየት ስንሄድ አብዛኞቻችን የምንጠይቀው ስለ ውሃው፣ ስለ ወጥ ቤቱና ስለ አከራዩ ጠባይ ነው። ቤቱ ውስጥ የሚሠራ ሰው ግን ግድግዳውንም ቢጠይቅ ይበጀዋል። ቀድሞ መጥኖ መደቆስ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ መብራቱ። ጠረጴዛው የሚቆምበት ቦታ አጠገብ ስንት ሶኬት አለ? ቆጣሪው የካርድ ነው ወይስ በየወሩ የሚከፈል? የካርድ ከሆነ ካርዱ በማን እጅ ነው? ብዙ ሰው የማይጠይቀው ደግሞ የመሬት ሽቦውን፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ኧርዝ የሚሉትን ነው። በሶኬቱ ጎንና ጎን የምትታየዋ ብረት መኖሯ ብቻ አያስተማምንም፤ ከኋላዋ ሽቦ የሌለባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። የኮምፒውተሩን ብረት በባዶ እግር ቆሞ ሲነኩት ቅንጥስ የሚያደርገው በዚህ ምክንያት ነው። በኮምፒውተሩ የኃይል ሳጥን ውስጥ ያለው ማጣሪያ ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ያሳልፋል። ኧርዝ ካለ ያ ጥቂት ኤሌክትሪክ በዚያው ወደ መሬት ይወርዳል፤ ከሌለ ደግሞ መንገድ የሚሆነው የነካው ሰው ነው። ኧርዝ መኖሩን ለማረጋገጥ ኤሌክትሪሽያን በመለኪያ የአምስት ደቂቃ ሥራ ይበቃዋል። ከኪራይ ውሉ በፊት ከተጠየቀ አከራዩ ያሠራዋል፤ ከገቡ በኋላ ከተጠየቀ ግን የተከራዩ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል።

ቀጥሎ ኢንተርኔቱ። ቋሚ መስመር ከአድራሻ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ራውተሩን ይዘው ስለሄዱ አይከተልዎትም። የማዛወር ጥያቄ ማቅረብ፣ በአዲሱ ሰፈርም ክፍት መስመር መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። መስመሩ እስኪዛወር በስልክ ዳታ መሥራት የማይቀር ነውና ቤቱን ሊያዩ ሲሄዱ ሲም ካርዱን ይፈትኑት። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ማወዳደር ይቻላል፤ በአንዱ ሰፈር አንደኛው፣ በሌላው ሰፈር ሌላኛው ይሻላል። ፈተናው ጠረጴዛው በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ በር ተዘግቶ ይሁን። ግቢ ቆሞ አራት መስመር ያሳየ ስልክ ከኮንክሪቱ ጀርባ አንድ ብቻ ሊያሳይ ይችላል። ሁለተኛ ፈተና ማታ 2 ሰዓት ላይ ያድርጉ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱ ገብቶ ስልኩን ሲከፍት ፍጥነቱ የት እንደሚወርድ የሚታወቀው ያኔ ነው።

በሽቦ የሚሄደው

ከሁሉ ቀድሞ መጓዝ ያለበት የማይታየው ዕቃ ነው፤ ፋይሎችዎ፣ ፎቶዎችዎ፣ የደንበኛ ሥራዎችዎ።

ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስፋፋው “3-2-1” የሚባል ደንብ አለ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። በአዘቦቱ ቀን ይህን ደንብ የሚጠብቅ ሰው እንኳ ቤት በሚቀይርበት ቀን ይጥሰዋል። ኮምፒውተሩም፣ ውጫዊ ዲስኩም፣ በመሳቢያ ውስጥ የነበረው ፍላሽም አንድ መኪና ላይ ይጫናሉ። ሦስቱ ቅጂዎች አንድ ዕጣ ፈንታ ተጋሩ ማለት ነው። ዝናብ ቢገባ ለሦስቱም ይገባል፤ ሌባ ቢመጣም ለሦስቱም ይመጣል።

“ታዲያ ሁሉንም ወደ ክላውድ ልጫነው” ለሚል ሰው ትንሽ ስሌት ይጠቅመዋል። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚለካው በሜጋቢት፣ ፋይል የሚለካው ግን በሜጋባይት ነው፤ አንዱ ባይት ስምንት ቢት ነው። 100 ጊጋባይት ፋይል 800,000 ሜጋቢት ይሆናል። በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚልክ መስመር 200,000 ሰከንድ፣ ማለትም ከ55 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ያውም መብራት ካልጠፋ። ስለዚህ በሽቦ የሚሄደው ከመጫኛው ቀን ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይጀመር፤ መጀመሪያም መተኪያ የሌለው ይላክ። የወረደ ፊልምና ፕሮግራም ተመልሶ ይገኛል። ያላለቀ የደንበኛ ሥራና የሂሳብ መዝገብ ግን ሌላ ቦታ የለም።

የቀረው በዲስክ ይሂድ። የኮምፒውተር ሳይንስ መምህሩ አንድሩ ታነንባም በኔትወርክ መማሪያ መጽሐፉ ተማሪዎቹን ሲያስገርም የኖረ አንድ ሐሳብ አለው፤ የመረጃ ካሴት የሞላ መኪና በአስፋልት ሲጋልብ ከየትኛውም መስመር ሊፈጥን ይችላል። ወደ እኛ ከተማ ስናመጣው አንድ ቴራባይት ዲስክ በጭንዎ ይዘው ከገርጂ ጀሞ በአንድ ሰዓት ቢደርሱ በሰከንድ ከ2,200 ሜጋቢት በላይ አጓጉዘዋል። በዚያ የመንገድ መጨናነቅ ውስጥ እንኳ ታክሲው ከሽቦው ይፈጥናል።

በጭን የሚሄደው

ሁለተኛው መንገድ አንድ ቦርሳ ነው። ይህ ቦርሳ አይሱዙ ላይ አይወጣም፣ ለጫኝ አይሰጥም፣ “እዚያ ላይ ጣል አርገው” አይባልም። ከባለቤቱ ጋር ይሳፈራል።

ውስጡ የሚገባው ምን እንደሆነ ለመወሰን አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ መኪናው ዛሬ ባይደርስ ነገ ጠዋት በምን እሠራለሁ? ላፕቶፑ ከራሱ ቻርጀር ጋር፣ ውጫዊ ዲስኩ ከራሱ ገመድ ጋር፣ ስልክ፣ ፓወር ባንክ፣ አንድ ዲቫይደር፣ ማስታወሻ ደብተር። ቀጥሎ መተኪያቸው አሳር የሆነ ወረቀቶች፦ ዋናው የትምህርት ማስረጃ፣ ንግድ ፈቃድ፣ የኪራይ ውል፣ ቼክ፣ ፓስፖርት። ማኅተም ያለው ሰው ማኅተሙን በካርቶን አይልክም። ቦርሳው በራሱ የሚቆም ትንሽ ቢሮ ነው፤ ዝምድናው ያልተነካ፣ ሲከፈት ወዲያው የሚሠራ።

ዲስክ በጭን የሚሄድበት ሌላም ምክንያት አለው። የሚሽከረከር ሳህን ያለበት የድሮው ዓይነት ዲስክ ሲሠራ አንባቢዋ ጫፍ ከሳህኑ የምትርቀው በናኖሜትር በሚቆጠር ክፍተት ነው። ሲጠፋ ጫፏ ከሳህኑ ላይ ተነሥታ ማረፊያዋ ላይ ትቆማለች። እንዲያም ሆኖ መውደቅ አይወድም። የአይሱዙ ወለል ኮብልስቶን ላይ የሚመታውን ያህል የእርስዎ ጭን አይመታም። ስለ ፓወር ባንክና ስለ ላፕቶፕ ባትሪም እንዲሁ፤ ሊትየም ባትሪ ከባድ ነገር ተጭኖት ከተጨፈለቀ ውስጡ ተነካክቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ከመጽሐፍ ካርቶን ሥር ቦታው አይደለም።

ወረቀት ድንጋይ ነው

አሁን ወደ ጭነቱ እንምጣ። በእኔ ጉዞ ከጫኞቹ አንዱ አንድ ካርቶን ብድግ ሊያደርግ ሞክሮ መልሶ አስቀመጠውና “ጋሼ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የሞሉበት?” አለኝ። የሞላሁት ወረቀት ነበር። ልጁ ግን ብዙም አልተሳሳተም።

ተራው የቢሮ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ይመዝናል። አንድ ኤ4 ሉህ የካሬ ሜትር አሥራ ስድስተኛ ስለሆነ ክብደቱ 5 ግራም ነው። ለእጅ ምንም አይደለም። 500 ሉህ የያዘው እሽግ 2.5 ኪሎ ይሆናል፤ አምስት እሽግ የያዘው የፋብሪካ ካርቶን 12.5 ኪሎ። ካርቶኑ ትንሽ የሆነው አንድ ሰው ሳይጎዳ እንዲያነሳው ነው። እኔ የሞላሁት ግን የዕቃ ካርቶን ነበር፤ 40 በ40 በ60 ሴንቲሜትር። ያን የሚያህል ሳጥን በወረቀት ጥቅጥቅ ብሎ ቢሞላ ወደ 77 ኪሎ ይጠጋል፤ ከሦስት አራተኛ ኩንታል በላይ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ብሂል ለወረቀትም ይሠራል።

ስለዚህ ለመጽሐፍና ለፋይል የሚሆነው ምርጥ ካርቶን ራሱ የኤ4 ወረቀት ካርቶን ነው። ጽሕፈት መሣሪያ ቤትና ፎቶ ኮፒ ቤት ጠይቆ ማሰባሰብ ይቻላል። ክዳን አለው፣ ሁሉም አንድ ልክ ስለሆነ ይደራረባል፣ የተሠራውም ለዚሁ ክብደት ነው። ትልልቁ ካርቶን ለቀላሉ ይሁን፦ ለመጋረጃ፣ ለትራስ፣ ለባዶ ቅርጫት።

ቦክስ ፋይል ሲታሸግ እንደ ቆመበት ቅደም ተከተል ይታሸግ። መደርደሪያውን መጀመሪያ በስልክ ፎቶ ያንሱት። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ፊደል ይስጡ፦ ጠረጴዛው ሀ፣ መደርደሪያው ለ፣ የገመድ መሳቢያው ሐ። ካርቶኖቹ ለ1፣ ለ2፣ ለ3 እየተባሉ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። ጽሑፉ ከላይ ብቻ ከሆነ ሌላ ካርቶን ሲጫንበት ይሸፈናል፤ ስለዚህ በሁለት ጎኑ ይጻፍ። ገመድ ሲነቀል ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ላይ ፕላስተር ተጠቅልሎ አንድ ዓይነት ምልክት ይጻፍበት፤ አዳፕተር ላይ የባለቤቱ ስም በሙሉ ይቀመጥ። “የራውተር” የምትል ቃል በሁለት ሳንቲሜትር ፕላስተር ላይ ብጽፍ ኖሮ የዚህ ምዕራፍ መጀመሪያ ሌላ ይሆን ነበር።

ከማሸግ በፊት መጣል አለ። ጥንቃቄ የሚሻው የሂሳብ ሰነድ ነው። የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለበት ግብር ከፋይ ደረሰኞቹን ለዓመታት የማቆየት ግዴታ አለበት፤ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ከ5 ዓመት በታች አይፈቅድም። “አርጅቷል” ብሎ ለቆራሌው የተሰጠ ካርቶን በኋላ የሚጠየቁበት ሊሆን ይችላል።

በአይሱዙ የሚሄደው

መኪና ላይ መጨረሻ የተጫነ መጀመሪያ ይወርዳል። ይህ ቀላል ሕግ ስለሚረሳ ሰዎች ጠረጴዛቸውን ለማግኘት የቤቱን ዕቃ ሁሉ ያወርዳሉ። አዲሱ ቤት ሲደርሱ ቀድሞ መቆም ያለበት ምንድን ነው? ለእኔ ጠረጴዛው፣ ወንበሩና ካርቶን ሀ። እነሱ መጨረሻ ይጫኑ። የወረቀት ካርቶኖቹ ግን መጀመሪያ ገብተው ወለሉ ላይ፣ ወደ ሹፌሩ ክፍል ተጠግተው ይቀመጡ። ከባድ ነገር ከታች ከሆነ መኪናው ሲታጠፍ አይናጥም፤ ፍሬን ሲያዝም ተንሸራቶ የሚሄድበት ቦታ አያገኝም።

ስክሪን ቆሞ ይጓዝ። ዋናው ካርቶኑ ካለ እሰየው፤ ከሌለ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መስታወቱ ወደ ፍራሹ ዞሮ ከፍራሹ ጋር ይቁም። ካስተኙት አንድ ሰው ሳያስተውል ሌላ ዕቃ ይጭንበታል። ቁመታሙ የኮምፒውተር ሳጥን ግን ቢተኛ ይሻላል። ውስጡ ከባድ የግራፊክስ ካርድ ካለ ሳጥኑ ሲቆም ካርዱ ወደ ጎን እንደ መደርደሪያ ተንጠልጥሎ ይናጣል፤ ሳጥኑ በጎኑ ሲተኛ ካርዱ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ክብደቱ መሰኪያውን አይቆለምመውም።

ማተሚያው እንደ ዓይነቱ ነው። የቀለም ታንክ ያለው ኢንክጄት ውስጡ ፈሳሽ እንዳለ ማሰሮ ነው፤ ካጋደሉት ይፈስሳል። የታንኩ ክዳን ይጥበቅ፣ የጉዞ መቆለፊያ ካለው ይዘጋ፣ ቀጥ ብሎ ይጓዝ። የሌዘር ማተሚያ ከሆነ ቶነሩ ወጥቶ ብርሃን በማያስገባ ነገር ተጠቅልሎ ለብቻው ይሂድ። ዩፒኤሱን ከግድግዳ መንቀል ብቻውን አያጠፋውም፤ ማጥፊያው ካልተጫነ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ እየጮኸ የመንገዱን ሰው ሁሉ ያስደነግጣል።

ጠረጴዛው ቺፕውድ ከሆነ ሲፈታ ይጠንቀቁ። ቺፕውድ የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጋግሮ የተሠራ ስለሆነ ብሎን በተፈታና በታሰረ ቁጥር ቀዳዳው ይላላል። በር የሚያሳልፈው ከሆነ ሳይፈታ ይሂድ። የግድ ከተፈታ ብሎኖቹ በትንሽ ከረጢት ተቋጥረው ከጠረጴዛው እግር ጋር ይታሠሩ። ቀዳዳው ላልቶ ከተገኘ ሁለት የክብሪት እንጨት በኮላ ነክሮ መሰካት የቆየ የአናጢ ዘዴ ነው።

ብዙ ቤተሰብ ቤት የሚቀይረው ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ማለትም ክረምት ሲገባ ነው። ካርቶን ደግሞ ውሃ ሲነካው ጉልበቱን ያጣል፤ ከሥር ተቦድሶ የዓመት ሥራ ደረጃ ላይ ይበትናል። አዲስ አበባ የክረምቱ ዝናብ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጭነቱ ጠዋት 1 ሰዓት ይጀመር፣ ሸራም ሳይያዝ አይነሳ።

ስለ ጫኝና አውራጅ የምለው አንድ ነገር ነው፦ በሁለቱም ሰፈር ዋጋውን ከመጫኛው ቀን በፊት ይነጋገሩ፤ ሲነጋገሩም እውነቱን ይንገሩ። ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ከሆነና አሳንሰር ከሌለው “ትንሽ ዕቃ ነው” ማለት ጥል መግዛት ነው። “አሥራ አራት ካርቶን ወረቀት አለኝ፣ እያንዳንዱ 12 ኪሎ ነው” ያለ ሰው ቁርጥ ያለ ዋጋ ያገኛል። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴውም ቀድሞ ይወቅ፤ የመውጫ ወረቀት ሳያይ ዕቃ የማያሳልፍ ጥበቃ ብዙ ነው።

አድራሻም ዘመድ አለው

ከዕቃው ሌላ አድራሻዎ ራሱ የተዛመደባቸው መዝገቦች አሉ። ወረዳው መሸኛ ይሰጣል። ባንኩ፣ የንግድ ፈቃዱ፣ የግብር መዝገቡ አዲሱን አድራሻ ይፈልጋሉ። ግብር ከፋይ አድራሻውን ሲቀይር በ30 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ ያዛል። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ያለው ሰው ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቅ፤ ማሽኑ የተመዘገበው ከነቦታው ስለሆነ ለግብር ቅርንጫፉ ሳያሳውቁ ማንቀሳቀስ ቅጣት ያስከትላል። ለዚህ ሁሉ መነሻ የሚሆነው ሰነድ የኪራይ ውሉ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል፤ የቃል ስምምነት ይዞ ወረዳ መሄድ ትርፉ ምልልስ ነው።

መጀመሪያ የሚሰካው

ዕቃው ከወረደ በኋላ የመጀመሪያው ሶኬት ላይ ኮምፒውተር አይሰካም። አምፖል ይሰካ። አምፖሉ ፈዘዝ፣ ቦግ የሚል ከሆነ መስመሩ ጤና የለውምና ኤሌክትሪሽያን ይጠራ። ቀጥ ብሎ ከበራ ዩፒኤሱ፣ ከዚያ ራውተሩ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ይከተላሉ። ፎቶውን ከፍቶ ገመዱን እንደ ነበረ መመለስ የሃያ ደቂቃ ሥራ ነው። ካርቶኖቹን ሁሉ በአንድ ሌሊት ለመክፈት መታገል አያስፈልግም፤ ሀ ከተከፈተ ሥራ ይጀመራል፣ ለ እና ሐ ተራቸውን ይጠብቃሉ። እስከዚያ ቡናው ይፈላ፣ ጎረቤትም ይተዋወቅ።

በእኔ ቤት ግን ፊደል ያልነበረው አንድ ካርቶን ነበር። በመጫኛው ቀን ዋዜማ ሌሊት ድካም ሲያሸንፈኝ መሬት ላይ የቀረውን ሁሉ ጠራርጌ የከተትኩበት ነው። በትልቁ “ልዩ ልዩ” ብዬ ጻፍኩበት። አልጋ ሥር ገባና ተረሳ፤ ምን እንደያዘ ስለማላውቅ የምፈልገው ነገር እዚያ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከዓመት በኋላ እንደገና ቤት ስለቅ ከፈትኩት። ሁለት የደረቁ ማርከሮች፣ የማላውቃቸው ቁልፎች፣ የአንድ ደንበኛ ደረሰኝ። ከሥራቸው ገመዱ የተጠቀለለ፣ ከገርጂ ከወጣሁ ወዲህ አንዴም ያልተሰካ አዳፕተር። ጀርባውን አገላብጬ አነበብኩት፤ 12 ቮልት ይላል።